እታለም ያልጠየቀችኝ ወንበር

በየሰፈሩና በየዘመዱ መሃል፣ ቤትህ መጥታ አንተን ሳይሆን ዕቃህን ሰላም የምትል አንዲት ሴት አትጠፋም። አንተ «እንደምን ከረምሽ» ብለህ እጅህን ስትዘረጋ፣ እሷ በትከሻህ ላይ አሻግራ ቁም ሳጥንህን ታያለች። ስለ ጤናህ እየጠየቀችህ መዳፏ የሶፋህን ክንድ ይዳብሳል። ስለ ልጆችህ እያወራችህ ዓይኗ መጋረጃህን ያወርዳል፣ ያጥፋል፣ ይጠቀልላል። ከዚያ ሻይዋን ጠጥታ፣ መርቃህ፣ በሩ ላይ ደርሳ ዞር ትልና ያቺን ጥያቄ ትጥልብሃለች፦

«ይሄን ትፈልገዋለህ?»

ልብ በሉ፣ «ስጠኝ» አላለችም። «እባክህ» አላለችም። ገንዘብማ ጨርሶ አታነሳም፤ ለእሷ ነውር ነው። የጠየቀችው ዕቃውን ትፈልገው እንደሆነ ብቻ ነው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ዐሥር ዓመት አንድ ጥግ ቆሞ አቧራ ሲጠጣ ስለኖረ ጠረጴዛ «ትፈልገዋለህ?» ስትባል ከራስህ ጋር ክርክር ትገጥማለህ። ክርክሩ ሳያልቅ ጠረጴዛው ጋሪ ላይ ወጥቷል።

እናንተም አንዷን ታውቃላችሁ፤ ምናልባት አክስታችሁ ናት፣ ምናልባት የመሥሪያ ቤት ባልደረባችሁ። የእኔዋ ታላቅ እህቴ ናት። ሙሉ ማዕረጓ «ክብርት እመቤት ትፈልገዋለህ» ነው። ማዕረጉን ያጸደቀችላት ባለቤቴ ናት፤ የሳሎናችን ምንጣፍ የሄደ ዕለት። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ቁመቷ ከትከሻዬ በታች ነው። ቦርሳዋ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር አለ፤ ሜትሩን የረሳች ቀን በስንዝሯ ትለካለች። ከሜትሩ ይልቅ ስንዝሯ ያስፈራል።

የምትሰበስበው ለራሷ እንዳይመስላችሁ። ለራሷማ ያላት ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ ነው፤ ሹራቡም የእኔ ነበር። እታለም ትምህርት ቤት አላት፤ በሰው ቸርነት የሚኖር ትምህርት ቤት። መሄድ የማይችሉ፣ መናገር የማይችሉ፣ አንዳንዶቹም ማየቱና መዋጡ ጭምር የሚቸግራቸው፣ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ የመጣባቸው ሠላሳ አራት ልጆች እዚያ ይውላሉ። በሄዱበት ሁሉ «ለእንዲህ ዓይነት ልጅ አልተዘጋጀንም» ተብለው የተመለሱ ናቸው። እታለምም አልተዘጋጀችም ነበር። ግን አልመለሰቻቸውም።

ግቢው ድሮ ጋራዥ ነበር። መኪና ከሥሩ ይፈተሽበት የነበረው ጉድጓድ በስፖንጅ ተሞልቶ ልጆቹ ይንከባለሉበታል። መኪና ይወጣበት የነበረው ዘንበል ያለ ሲሚንቶ አሁን ባለጎማ ወንበር ይገፋበታል። የዘይቱ ሽታ ግን አልለቀቀም። ዝናብ በጣለ ቀን ልጆቹን ስታቅፋቸው እንደ አሮጌ ሞተር ይሸታሉ።

የጥርስ ሐኪሙን ነገር ልንገራችሁ። እታለም መንጋጋዋ አብጦ ሄደች። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ አስተኛት፣ በእግሩ አንድ ነገር ረገጠ፣ ወንበሩም ከፍ አለ። ሌላ ነገር ረገጠ፣ ዝቅ አለ። ይህን ጊዜ እታለም ሕመሟን ረሳች። አፏ ውስጥ ሁለት ብረትና አንድ የሐኪም ጣት እያለ አንድ ነገር ለመናገር ታገለች። ሐኪሙ ያመማት መስሎት ደንግጦ እጁን አወጣ።

«አመመዎት እናቴ?»

«ይሄን ወንበር ትፈልገዋለህ?»

ሐኪሙ ሳቀ። የሳቀ ሁሉ እንደተሸነፈ ገና አያውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀጠሮ ሌላ ወንበር ለማስመጣት ማሰቡን ነገራት፤ በአራተኛው አሮጌው ወንበር ጋራዡ ውስጥ ተተክሎ ልጆቹ ፀጉራቸውን ይታጠቡበት ጀመር። ባለቤቴ እንደምትለው፣ ሐኪሙ ጥርሷን ነቀለ፣ እሷ ደግሞ ወንበሩን ነቀለች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ለጋራዡ ፈቃድ አንድ መሥሪያ ቤት አመላለሷት። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ሰውዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያውቁት።

«እመቤት፣ ፋይልዎ አልተገኘም፤ ነገ ይመለሱ።»

«ነገ ትምህርት አለን።»

«እንግዲያው ከነገ ወዲያ።»

«ከነገ ወዲያም አለን። ለነገሩ ዛሬም አለን፤ እዚሁ እንማራለን።»

አለችና ሄዳ ሦስት ልጆች ከነወንበራቸው ይዛ መጣች፤ ኮሪደሩ ላይ አሰልፋ በማንኪያ ማብላት ጀመረች። ከሦስቱ አንዱ ድምፅ የሚወድ ልጅ ነው። ሰውዬው ማኅተማቸውን ወረቀት ላይ ጧ! ሲያደርጉ ልጁ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ቀና አሉ። ደግመው ጧ! አደረጉ፤ ልጁ ደግሞ ሳቀ። ባለጉዳዮቹም መሳቅ ጀመሩ። ሰውዬው ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ፍለጋ መሳቢያቸውን ያገላብጡ ጀመር። በዚያች ግማሽ ሰዓት የስንት ሰው ጉዳይ እንዳለቀ እግዜር ይወቀው፤ የእታለምም ፋይል ከታች ተገኘ። ስትወጣ የኮሪደሩን አግዳሚ ወንበር በስንዝሯ እየለካች ነበር አሉ።

የእኛ ቤትማ የዘመቻ ቀጠና ነው። ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ሻጭ እታለም ስታልፍ ካየ ይደውልልናል። «እየመጡ ነው» ብቻ ብሎ ይዘጋል። ባለቤቴ አዲሶቹን ትራሶች አልጋ ሥር፣ መስተዋቱን ከቁም ሳጥን ጀርባ ትደብቃለች። አንድ ቀን ግን የሚደበቅ ዕቃ ቢደበቅ በር እንደማይደበቅ አወቅን። እታለም ከመታጠቢያ ቤታችን እጇን እያደረቀች ወጣችና፣

«ይሄ በር ሰፊ ነው። ትፈልጉታላችሁ?» አለች።

«እታለም፣ በር እኮ ነው!» አለች ባለቤቴ።

«አውቃለሁ። እርስ በርሳችሁ የምትደባበቁት ምን አላችሁ? ባልና ሚስት ናችሁ።»

ሰባት ወር ያለ በር ኖርን። የገባ ሰው ያፏጫል፤ ይኸው ነው መቆለፊያው። እኔ ፉጨት አይሆንልኝም፣ ስለዚህ አዜማለሁ፤ ጎረቤቶቼ ስለ ሆድ ዕቃዬ የማያውቁት ነገር አልነበረም። በሩ አሁን በአራት እግር ቆሞ ልጆች ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ የሚዳብሱበት ጠረጴዛ ሆኗል። እጀታው አልተነቀለም። አንድ ልጅ ጧት መጥቶ እሱ ጋ ይቀመጥና ቀኑን ሙሉ ያዞረዋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምን እንደሚከፍት እሱ ያውቃል።

ዕቃ ሲያልቅብኝ ወደ ጊዜዬ ዞረች። «ማክሰኞ ጧትህን ትፈልገዋለህ?» አለችኝ። ለመጻፍ እንደምፈልገው ነገርኳት። «ባለፈው ማክሰኞ ምን ጻፍክ?» አለችኝ። ይኸው አምስት ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ ልጆቹ ጋ ሄጄ ተረት አነባለሁ።

እንግዲህ ከዚህች ሴት ስንዝር ያመለጠ አንድ ዕቃ ብቻ በቤቴ ነበረ።

የምኖረው አባባ በሠራው ቤት ነው። አባባ አናጢ ነበር። በጓሮ በኩል ትንሽ ክፍል አለች፤ የታናሽ እህታችን የሚጣ ክፍል ነበረች። እናታችን ሚጣን ወልዳ ብዙም አልቆየች። ሚጣ አንገቷን ችላ አትይዝም፣ እጇ አይታዘዝላትም፣ አትናገርም። ያኔ ለእሷ የሚሆን ትምህርት ቤት ቀርቶ፣ ያለባትን ነገር የሚጠሩበት ደህና ቃል እንኳ የነበራቸው ሰዎች አልነበሩም። አባባ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ቁርጥራጭ ጣውላ በብብቱ ይዞ እየገባ አንድ ወንበር ሠራላት። ጀርባው ወደ ኋላ ጋደል ያለ፣ ግራና ቀኙ ጭንቅላቷን የሚያቅፍ፣ ፊት ለፊቱ ዝርግ ጠረጴዛ ያለው፣ ወገቧን የሚያስር የቆዳ ቀበቶ የተቸነከረበት ወንበር። እታለም ታበላታለች፤ እኔ መጽሐፍ አነብላታለሁ። ምን እንደሚገባት ባናውቅም አንድ ነገር እናውቅ ነበር፦ ሚጣ ጣሪያ ማየት ትወዳለች። ስናወራት፣ ውሃ ስንሰጣት፣ ስንስቅ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ይሄዳል። አባባ ይህን አይቶ አንድ እሑድ መሰላል አቆመና የክፍሏን ኮርኒስ ሰማያዊ ቀባው። በነጭ ቀለም ወፎች ሣለበት። አባባ ወፍ መሣል አይችልም ነበር፤ ዶሮ ነው የሚመስሉት። «ካየች አይቀር የሚታይ ነገር ትይ» አለ።

ሚጣ በዘጠኝ ዓመቷ በአንድ ሳምንት ሳል ሄደች። እኔ ዐሥራ ሦስት ነበርኩ፤ እታለም ዐሥራ ስድስት። ወንበሩ ግን ከቦታው አልተነሳም። ጭንቅላቷ ያረፈበት ጣውላ ጠቁሮ ለዝቧል፤ ጧት ጧት ወደ ጓሮ ሳልፍ በመዳፌ ነካ አደርገዋለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እታለም ከዚህ ቤት ምንጣፍ ወስዳለች፣ በር ወስዳለች፣ ማክሰኞን ወስዳለች። ስለዚያ ወንበር ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ዘንድሮ አለቃ መጣች። አለቃ የዐሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ስሙን ያወጡላት መምህራኑ ናቸው፣ በዓይኗ ብቻ ሰው ስለምታዝዝ። የመጣችበት ወንበር ጠቧት ተሰበረ። የተጠየቀው አዲስ ወንበር «መንገድ ላይ ነው» ተባለ፤ ስድስት ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እስከዚያው አለቃ ስፖንጅ ላይ ጋደም ብላ ትውላለች፣ ጋደም ብላም ትበላለች፤ ምግቡ ወደ ሳንባዋ እየሄደ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኛች። አካላቸውን የምታፍታታላቸው ባለሙያ ለእታለም በግልጽ ነገረቻት፦ «ይቺ ልጅ ቀጥ ብላ ካልተቀመጠች ሦስተኛውን አትችለውም።»

አለቃ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት እታለም ቤታችን መጣች። ዳቦ ሻጩም አልደወለም። ሻይዋን ሳትጠጣ ውሃ ልጠጣ ብላ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከተልኳት። ከሚጣ ወንበር ፊት ቆማለች። ስንዝሯ ተዘርግቷል፤ ጣውላውን ግን አልነካም፣ አየር ላይ ነው። ከዚያ ጣቶቿ አንድ በአንድ ታጠፉ፤ እጇን ሹራቧ ኪስ ከተተችው። ዞር ስትል አየችኝ።

«ያንን ጃንጥላ ትፈልገዋለህ?» አለችኝ፣ በሩ ጥግ ወዳለው እያየች።

«ውሰጂው።»

ጃንጥላዋን ይዛ ሄደች። ባለቤቴ በመስኮት እያየቻት፣

«ዛሬ ምን ነካት? ጃንጥላ ብቻ?» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ወንበሩን አይታዋለች።»

«አልጠየቀችኝም።»

«አንተስ አፍ የለህም?»

አፍ ነበረኝ። ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አንዳንድ ዕቃ ከቤት ሲወጣ ሰውየው ሁለተኛ ጊዜ የሚሞት ይመስላል። ትጠይቀኝ ብዬ ጠበቅኩ። ብትጠይቀኝ እቆጣለሁ፣ እሟገታለሁ፣ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው እሸነፋለሁ፤ ጥፋቱም የእሷ ይሆናል። እሷ ግን አልጠየቀችኝም። ሁለት ሳምንት አለፈ።

በእታለም ትምህርት ቤት ስም ጥሪ እንደ ሌላው ቦታ አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መልስ አለው። አንዱ ጠረጴዛ ይመታል፣ አንዷ ትስቃለች፣ አንዱ የእኔን በር እጀታ ያዞራል። ሕጉ አንድ ነው፦ ስም ትጠራለህ፣ ትጠብቃለህ። ልጁ እስኪመልስ ሁለተኛ ስም መጥራት ክልክል ነው። አንዳንዱ እጁን ለማንሳት አራት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አራቱም ደቂቃ የእሱ ናቸው። አንድ ጊዜ እንግዳ ሰው ሰዓቱን አይቶ «ትምህርቱ መቼ ይጀምራል?» ቢላት፣ «ሊያልቅ ነው» አለችው።

እኔ ሁልጊዜ የምደርሰው ስም ጥሪው ካለቀ በኋላ ነበር። የዚያን ማክሰኞ ግን መምህርቷ ታማ ቀረች፤ እታለምም ስልክ ላይ ነበረች፣ መንገድ ላይ ያለውን ወንበር ፍለጋ። መዝገቡን እጄ ላይ ጣለችው። የየልጁ መልስ ምን እንደሆነ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ዕድሜዬን ሙሉ በጽሑፍ የምተዳደር ሰው ሆኜ ሳለ አላነበብኩትም።

መዝገቡ ላይ ያሉት ሁለት ዓምዶች ብቻ ናቸው፦ አለ፣ የለም። በደህና ሄድኩ። አለቃ ጋ ደረስኩ። ስፖንጇ ላይ በትራስ ተደግፋ ታየኛለች። ስሟን ጠራሁ። ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች። እኔም ምን አይታ ይሆን ብዬ አንጋጠጥኩ፤ ከጋራዡ ዘመን የቀረ አንድ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ጠበቅኩ። ደግሜ ጠራኋት። ደግማ ጣሪያውን አየች።

«እሺ፣ እሱን እያየሽ ዋዪ» ብዬ ሳቅኩና «የለችም» ላይ ምልክት አደረግኩ።

የአለቃ ፊት ተጨማደደ። ድምፅ የላትም፤ እንባዋ ግን በጆሮዋ በኩል ወደ ትራሱ ይወርድ ጀመር። እታለም ስልኩን ይዛ ገባች።

«ማነው ይቺን ልጅ ያስለቀሳት?»

«እኔ ምን አደረግኳት? ሁለት ጊዜ ጠራኋት፣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች እንጂ...»

መዝገቡን ከእጄ ወስዳ አየችው።

«ጣሪያውን አይደለም የምታየው» አለች፣ ቀስ ብላ። «ዓይኗን ወደ ላይ ስታነሳ ‹አዎ› ማለቷ ነው። ያላት ቃል እሱ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ‹አለሁ› ብላሃለች። አንተ የለችም አልካት። ይቅርታ ጠይቃት።»

ተንበርክኬ ጠየቅኳት። አለቃ ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ሥራዬን እንደሚገመግም ሹም። ከዚያ ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች።

እርሳሱ እጄ ላይ ቀረ።

«እታለም» አልኩ። «ሚጣም...»

«መዝገቡን ጨርስ» አለችኝ። «ልጆቹ እየጠበቁህ ነው።»

ጨረስኩ። ምን እንደጠራሁ፣ ማን እንደመለሰ አላስታውስም። ሰማያዊ ኮርኒስ ነበር የሚታየኝ። «ውሃ ትፈልጊያለሽ ሚጣዬ?» ዓይን ወደ ላይ። «ላንብብልሽ?» ዓይን ወደ ላይ። «ትሰሚኛለሽ?» እኛ ደግሞ እሷን ትተን ወፎቹን እናያለን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስም ስንጠራት ኖራ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የለችም ብለን ጽፈናል።

ከምሳ በኋላ እታለም ገንዳው ጋ ማንኪያ ታጥባለች። አጠገቧ ቆሜ ማድረቅ ጀመርኩ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሥልጠና የሄድኩ ጊዜ። ገና ይሄ ቤት ሳይከፈት። መምህሩ አንዲት ልጅ አሳየን፤ ዓይኗን አነሳች። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል መነሳት አልቻልኩም።»

«አባባ ያኔ በሕይወት ነበር። አልነገርሽውም?»

«ምን ብዬ? ያንን ጣሪያ ቀብቶላት እኮ ነው የሚጽናናው። ‹ቢያንስ ወፎቿን እያየች ሄደች› ይል ነበር። በምን አፌ?»

«ለእኔስ?»

ማንኪያውን አራግፋ ሰጠችኝ።

«አንተማ ትጽፈዋለህ ብዬ ፈራሁ።»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁን ማቆም አቅቶን ፊታችንን በማድረቂያው ጨርቅ ተፈራርቀን ጠረግን። ፍርሃቷም ይኸው ደረሰ።

በማግስቱ ጧት ጓሮ ስገባ ባለቤቴ ሳልጠራት መጣች። ወንበሩን በሁለት በኩል ይዘን ከጓሮ ክፍል አወጣነው። ወለሉ ላይ ከእግሮቹ ሥር አራት ያልጠቆሩ ነጥቦች ቀሩ። በመንገዱ ስናልፍ ዳቦ ሻጩ ወጥቶ፣

«ዛሬ ደግሞ ሳይመጡባችሁ ራሳችሁ?» አለን።

«ዝም በል» አለችው ባለቤቴ። ስታለቅስ አይቶ ሦስተኛ ያዥ ሆነ።

እታለም የጋራዡ ዘንበል ያለ ሲሚንቶ ላይ ስንወጣ አየችን። ሜትሯን አውጥታ ወንበሩን ለካች፤ አለቃን ለካች፤ ፊቷ ጠቆረ።

«ታፋዋ ይረዝማል። ሁለት ጣት ያህል ይጎድላል» አለች።

ተንበርክካ የመቀመጫውን የደረቀ ጨርቅ ገለጠችው። እኔም አብሬያት ተንበረከክኩ። በአርባ ዓመት ውስጥ ያንን ጨርቅ ገልጦት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከሥሩ፣ በግራም በቀኝም፣ አባባ በመሰርሰሪያ የበሳቸው ቀዳዳዎች በሰልፍ ተደርድረዋል፤ መቀመጫው በእንጨት ችካል ተይዞ ወደፊት እንዲሳብ። ችካሎቹ ያሉት አራተኛው ቀዳዳ ላይ ነው። እታለም በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አምስት። ስድስት። እስከ ዐሥራ አንድ ደረሰች። አባባ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ወንበር ሲሠራ፣ በሐሳቡ አንዲት ሙሉ ሴት አስቀምጦበት ነበር።

«አምስተኛው ይበቃታል» አለች እታለም።

ችካሎቹን ስናወጣ አንዱ ደርቆ ኖሮ ተሰበረ። የእንጨት ማንኪያ እጀታ ቆርጣ በቦታው ከተተች። አለቃን አስቀመጥናት። ጭንቅላቷ የጠቆረው ጣውላ ላይ አረፈ። ቀበቶውን አሰርኩላት። ምሳዋን እታለም አበላቻት፤ ዐሥራ ሁለት ማንኪያ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳሏን ይጠብቃል። አልሳለችም። ዐሥራ ሦስተኛውን ይዛ «ይጨመር?» አለቻት። ጠበቅን። አለቃ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እኛን ሁሉ ዙሪያውን አይታ ስታበቃ ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች።

ከሰዓት በኋላ እታለም ከእኔ ጋር ወደ ቤት መጣች፤ ለተሰበረው ችካል ምትክ ፍለጋ። አባባ ትርፍ ችካል ያስቀምጥበት የነበረው ቆርቆሮ ጣሳ አሁንም ጓሮ ክፍል መስኮቱ ላይ ነው። ጣሳውን ወሰደች። ግን አልወጣችም። ወንበሩ የነበረበት ቦታ፣ አራቱ ነጥቦች መሃል ቆማ አንጋጠጠች። ቀለሙ እዚህም እዚያም ተላልጧል። ወፎቹ ግን አሉ፤ እንደ ዶሮ ወፍረው ይበራሉ። ያንን ስንዝሯን አየር ላይ ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ከዳር እስከ ዳር ለካችው።

«አለቃ ስፖንጅ ላይ ጋደም የምትል ጊዜ የምታየው ያንን ዝገታም ሰንሰለት ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። ከዚያ ዞር አለች። ክብርት እመቤት፣ በሙሉ ማዕረጓ፦

«ይሄን ኮርኒስ ትፈልገዋለህ?»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣ አለኝ። እሷ ግን ቸኩላ አታውቅም። ጣሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አራቱ ነጥቦች መሃል ቆማ እስክመልስ ጠበቀችኝ።

ዓይኔን ወደ ላይ አነሳሁ።